አቦል፣ ባቄላ እና የእኔ ልብ

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሌሊት ፀጥ ባለ ቤት ውስጥ ተኝታችሁ የገዛ ልባችሁን ድምፅ በጆሯችሁ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ደረት ላይ እጅ ሲያርፍ የሚታወቀውን ትርታ ማለቴ አይደለም። እንደ ግድግዳ ሰዓት «ቂጭ ቂጭ» የሚል፣ አጠገባችሁ የተኛ ሰው ጭምር የሚሰማው ድምፅ ነው የምላችሁ።

እኔ በየሌሊቱ እሰማዋለሁ። ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ለማገገም ወደ ትውልድ መንደሬ በገባሁበት የመጀመሪያ ሌሊት፣ እናቴ ከመደቡ ሥር ቁርበት አንጥፋ ተኝታ ነበር። እኩለ ሌሊት ላይ ተነሥታ በጨለማ ትራሴን፣ ሻንጣዬን፣ የተሰቀለውን ቀሚሴን ትዳብስ ጀመር።

«ምን ጠፋሽ እማዬ?»

«ይኼን ሰዓትሽን የት አደረግሽው? እንቅልፍ ነሳኝ እኮ፤ አጥፊልኝ።»

ሳቄ መጣ። ያን ጊዜ መሳቅ ከማልቀስ ይልቅ ያመኝ ነበር። ደረቴን ደግፌ «ሰዓት አይደለም እማዬ፤ እኔ ነኝ» አልኳትና እጇን ወስጄ ደረቴ ላይ አደረግሁት። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ በቀስታ «ይኼ ከቆመሳ?» አለችኝ።

ለዚህ ጥያቄዋ ያን ሌሊት መልስ አልነበረኝም። ሁለታችንም መልሱን የተማርነው በወራት ውስጥ፣ እየተሳሳትን ነው።

መንደራችን በላስታ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር፣ ከይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ብዙ የማይርቅ ነው። ላሊበላን ለመሳለም ሄዳችሁ እግረ መንገዳችሁን ወደዚያ የዘለቃችሁ ታውቁታላችሁ። ከላሊበላ በመኪና 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ፣ ወርዳችሁ በጽድ ደን መካከል ሽቅብ ትወጣላችሁ። ትልቅ ዋሻ ውስጥ፣ እንጨትና ድንጋይ በየተራ እየተነባበረ የታነጸ ቤተ ክርስቲያን ታገኛላችሁ። ከላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ቀድሞ፣ በዛጉዌው ንጉሥ በይምርሐነ ክርስቶስ ዘመን የተሠራ ነው። ልጅ ሳለሁ ያንን ሽቅብ እየሮጥኩ ነበር የምወጣው። አዋቂዎቹ በየመታጠፊያው ሲያርፉ እኛ ልጆች እንስቅባቸው ነበር።

9 ዓመት ገደማ ሲሆነኝ ጉሮሮዬን አመመኝ። እንደ ወጉ እንጥሌ ተቆረጠ፤ ተሻለኝ። ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ጉልበቴ አበጠ። ጉልበቴ ሲሻለው ቁርጭምጭሚቴ፣ እሱ ሲሻለው ክርኔ። «ብርድ መቷት ነው፤ ቁርጥማት ነው» ተባለ። ቅቤ ታሸሁ፣ ጸበል ተጠመቅሁ፣ አለፈ። ማንንም አልወቅስበትም፤ ያኔ በአካባቢያችን ሌላ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ኋላ ሐኪሞች እንዳስረዱኝ፣ ስትሬፕቶኮከስ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም በወቅቱ ካልታከመ፣ በአንዳንድ ልጆች ላይ የሰውነት መከላከያ ባክቴሪያውን ልዋጋ ብሎ የገዛ ልቡን ቫልቮች ይጎዳል። ቫልቭ ማለት ደም ከአንዱ የልብ ክፍል ወደ ሌላው ሲያልፍ የሚከፈትና የሚዘጋ በር ነው። በሽታው ሩማቲክ የልብ ሕመም ይባላል። እንዲህ ዓይነቱ ጉዳት ደግሞ ለዓመታት ዝም ሊል ይችላል።

የእኔ የተናገረው በ26 ዓመቴ፣ አዲስ አበባ ውስጥ፣ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ሳለሁ ነው። በእርግዝና ጊዜ የሴት ልጅ ደም በመጠን በግማሽ ያህል ይጨምራል፤ የጠበበ በር ያንን ማሳለፍ አይችልም። የቤቴን ደረጃ ስወጣ መሐል ላይ እቆም ጀመር። ሌሊት ሦስት ትራስ ደርድሬ፣ ቁጭ ብዬ ነበር የማድረው። «የእርግዝና ድካም ነው» ብዬ ራሴን ሳታልል ቆየሁ። እናንተ ግን፣ በተለይ ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ፣ ጋደም ስትሉ ትንፋሽ የሚያጥራችሁ ከሆነ እንዲህ ብላችሁ አትለፉት።

ልጄ በሰላም ተወለደች። እኔ ግን አምስት ዓመት በመድኃኒትና በየ28 ቀኑ በሚወጋ የፔኒሲሊን መርፌ ቆይቼ፣ በመጨረሻ ቫልቩ መቀየር አለበት ተባለ። በአገራችን የልብ ቀዶ ሕክምና ተራ ረጅም ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃውን ሲመሠርቱ፣ ልጆቹ የሚታከሙት ወደ ውጭ አገር እየተላኩ ነበር። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከሉ የተከፈተው ከ20 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ዛሬም ተራ የሚጠብቁት በሺዎች ይቆጠራሉ።

ተራዬ ሲደርስ አንድ ምርጫ ቀረበልኝ። የሚተከለው ቫልቭ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከከብት ወይም ከአሳማ ሕብረ ሕዋስ የሚሠራ ነው፤ በወጣት ሰው ላይ ከ10 እና ከ15 ዓመት በኋላ ሊያረጅ ይችላል። ያ ማለት ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና፣ ሁለተኛ ተራ ጥበቃ ነው። ሌላው ሰው ሠራሹ ነው። ሐኪሞቹ አብዛኛው ካርቦን ነው ይላሉ፤ እኛ ቤት ግን ስሙ «ብረቱ» ነው። አያረጅም። ግን በላዩ ላይ ደም እንዳይረጋበት ዋርፋሪን የተባለውን ክኒን እስከ ዕድሜ ልክ መዋጥ ግድ ነው። ዋርፋሪን ደግሞ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ጽንስን ሊጎዳ ይችላል። አንድ ልጅ አለችኝ። እኔና ባለቤቴ ሌሊቱን ሙሉ ስናወራ አድረን ብረቱን መረጥኩ። ለእማዬ ግን ስለ ጽንሱ አልነገርኳትም።

ቀዶ ሕክምናው ታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ተሠራ። ስለ እሱ የምለው ጥቂት ነው፤ እኔ ተኝቼ ነበር። ሁለት ወር ያህል ለክትትል አዲስ አበባ ቆይቼ፣ ባለቤቴ ሥራ ስላለበት፣ የካቲት ላይ ልጄን ይዤ በአውሮፕላን ወደ ላሊበላ ሄድኩ።

እማዬ የተሰጠኝን መመሪያ ቃል በቃል አስነበበችኝ። የተሰነጠቀው የደረት አጥንት እስኪገጥም፣ እስከ 12 ሳምንት ድረስ፣ ከ4 ኪሎ በላይ ማንሣት የለም። መጎተት፣ መግፋት፣ በእጅ ተደግፎ መነሣት የለም። «ፍርንባሽን ነው የቀደዱት?» አለችና ፊቷን አዞረች። ከዚያ በኋላ የውሃ ጀሪካን አጠገብ ስቆም እንኳ ትቆጣኝ ነበር። ሳል ሲመጣብኝ ጋቢ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ አጥብቄ እይዛለሁ፤ የጎጆው ጭስ ያስለኝ ስለነበር ምጣዱንና ጉልቻውን ወደ ውጭ አወጣችው። እጄን ወደ ላይ ማንሣት ስለማልችል ፀጉሬን እሷ ታጥበኛለች፣ እሷ ሹሩባ ትሠራኛለች። የ31 ዓመት ሴት በእናቷ ጉልበት መካከል ተቀምጣ ሹሩባ ስትሠራ ምን እንደሚሰማት የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ከባዱ ልጄን አለማንሣቴ ነበር። አምስት ዓመቷ ነው፤ ከሩቅ ሁለት እጇን ዘርግታ ትሮጣለች። በርጩማ ላይ ተቀምጬ «አንቺ ውጪ» እላታለሁ፣ እሷ እንደ ድመት ጉልበቴ ላይ ትወጣለች። ጆሮዋን ደረቴ ላይ አድርጋ ቂጭታውን ትቆጥራለች። ከ20 በላይ መቁጠር የተማረችው በእኔ ቫልቭ ነው።

ጠያቂውስ? ጠያቂ በረከት ነው፣ ይብዛ። ነገር ግን ሰባት ሰው ሰባት ጊዜ «እንዴት ቀደዱሽ?» ብሎ ሲጠይቅ ልብ ይደክማል፤ የእኔማ ጨርሶ። እማዬ አንድም ሰው ሳታስቀይም ደንብ አወጣች። «ለአቦል ትቀመጣለች፣ ለቶና ትተኛለች።» በረካውን እሷ ራሷ ታጠጣቸዋለች። አንዲት ጎረቤት አዝና ለወገብ ሕመሟ የታዘዘላትን ዲክሎፌናክ ስታካፍለኝ፣ እማዬ ከእጄ ላይ ወስዳ መለሰችላት። እንዲህ ዓይነት ማስታገሻ ከዋርፋሪን ጋር ሲገናኝ ደም እንደሚያፈስ ነግሬያት ነበር፤ ለእኔ የተፈቀደው ፓራሲታሞል ብቻ ነው።

ስለ ዋርፋሪን ምንነት ያስረዳኋት በከብት ነው። ነገሩ እውነተኛ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በሰሜን አሜሪካ ከብቶች ያለ ምንም ቁስል ደማቸው እየፈሰሰ ይሞቱ ጀመር። የበሉት የሻገተ ድርቆሽ ነበር። በ1933 አንድ የዊስኮንሲን ገበሬ የሞተች ጊደርና ጣሳ ሙሉ ያልረጋ ደም ይዞ በበረዶ ውስጥ ካርል ሊንክ ወደተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ ዘንድ ሄደ። ሊንክና ባልደረቦቹ ደሙን ያቀጠነውን ነገር ከድርቆሹ ለይተው አወጡ። ከዚያው ዘር የተገኘው ዋርፋሪን በ1948 መጀመሪያ ለአይጥ መርዝነት ተሸጠ፤ በ1954 ደግሞ ለሰው መድኃኒትነት ተፈቀደ።

እማዬ ድርቆሽ ስትከምር የኖረች ሴት ናት። ሰምታ ሰምታ «እንግዲያ መጠኑን የሳተ ቀን መርዝ ነው በይኛ» አለች። ብዙ ወረቀት አንብቤ እኔ እንዲህ አሳጥሬ መናገር አልቻልኩም ነበር።

መጠኑ የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው፤ አይ.ኤን.አር. ይባላል። መድኃኒት የማይወስድ ጤነኛ ሰው 1 አካባቢ ነው። የእኔ ከ2.5 እስከ 3.5 መሆን አለበት። ከዚያ ከወረደ ደም ቫልቩ ላይ ይረጋል፤ ቫልቩን ሊያቆመው ወይም ተቆርሶ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ከዚያ በላይ ከወጣ ደግሞ መድማት ነው።

የካቲት 25 ዐቢይ ጾም ገባ። የነፍስ አባታችን «የታመመ አይጾምም» ብለው ነበር። ግን በሁዳዴ እናቴ ቤት ቅቤና ሥጋ አይሸትም፤ እኔም ለብቻዬ እንዲሠራልኝ አልፈለግሁም። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጎመን። ከጓሮ በየቀኑ ትቀነጥሳለች። «ለደም ጥሩ ነው» እያለች ሳህኔን ትሞላዋለች፤ እኔም እበላለሁ። ክኒኔን አንድም ቀን አላሳለፍኩም። ምሽት 2 ሰዓት ላይ ስለምውጠው ከቅዳሴም ከጾምም ጋር አይጋጭም ነበር። ሁሉን በትክክል እየሠራሁ መስሎኛል።

አምስተኛው ሳምንት ላይ ለምርመራ ወደ ደሴ ወረድን። በጋሸናና በወልድያ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጋቢውን በደረቴና በመኪናው ቀበቶ መካከል አድርጌ ነው የተጓዝኩት። ውጤቱ 1.5 ሆኖ መጣ። ሐኪሙ ክኒን መርሳት አለመርሳቴን ጠየቀኝ፤ አልረሳሁም። ከዚያ «ምንድን ነው የምትበዪው?» አለኝ። ነገርኩት። ጎመን በቫይታሚን ኬ የበለፀገ ነው፣ ቫይታሚን ኬ ደግሞ የዋርፋሪንን ሥራ ያፈርሳል። አዲስ አበባ እያለሁ ጎመን የምበላው አልፎ አልፎ ነበር፤ የክኒኑ መጠን የተቀመረው በዚያ አመጋገብ ላይ ነው። በሁዳዴ በየቀኑ ስበላ ክኒኑ ተሸነፈ። በነገራችን ላይ ስለ ጎመን አዲስ አበባም ተነግሮኝ ነበር፤ ግን «አትብዢ» የሚለውን ቃል በእናት ቤት የሚያስታውስ ማን ነው?

የክኒኑ መጠን እስኪስተካከል ሆድ ላይ የሚወጋ መርፌ ታዘዘልኝ፤ ደሴ አክስቴ ቤት ከሳምንት በላይ ቆየን። በመጀመሪያው ሌሊት እማዬ ትንፋሿ ሲቆራረጥ ሰማሁ። ተኝታ መስሎኝ ነበር።

«እኔ ነኝ በጎመን ልገድልሽ የነበርኩ?»

አንባቢያን፣ ለዚህ ምን ይመለሳል? «አይደለሽም» አልኳት፤ አላመነችኝም። እንግዲህ ምስጢር ያለው እኔም ዘንድ ነው ብዬ፣ ስለ ቫልቩ ምርጫና ስለ ጽንሱ ያን ሌሊት ነገርኳት። ለልጄ ወንድም ወይም እህት ስትጠይቅ እንደኖረች አውቃለሁ፤ ስለታም ተስላለች። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ልጄ በመካከላችን ተጋድማ ታንኮራፋለች፤ ብረቱ «ቂጭ ቂጭ» ይላል። በመጨረሻ «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» አለች። ስለ ልጄ ይሁን ስለ እኔ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።

ከደሴ ስንመለስ እማዬ ሌላ ሰው ሆና ተመለሰች። ሐኪሙ ጎመን ተዪ አላለኝም፤ በየሳምንቱ እኩል ይሁን ነው ያለው። ስለዚህ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሁለት ሁለት ጭልፋ፤ ከዚያ ብለምናትም አትጨምርልኝም። አዲሱ የክኒን መጠን ደግሞ ቀን ይለያያል። በአብዛኛው አንድ፣ በሳምንት ሁለት ቀን አንድ ተኩል። የትኞቹ ቀናት ይሁኑ ሲባል እማዬ ናት «ረቡዕና ዓርብ ይሁን፤ የጾም ቀን አልረሳም» ያለችው። ሐኪሙ ሳቀና ጻፈው። ፊደል አልቆጠረችም፤ በሙዳይ ባቄላ አዘጋጀች። ማታ ስውጥ አንድ ባቄላ ከአንዱ ሙዳይ ወደ ሌላው ይሄዳል። ረቡዕና ዓርብ አንድ ባቄላና አንድ ክክ። ክኒን ውጬ ይሁን አልዋጥኩም ብዬ ስጠራጠር፣ እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ለሁሉም ያጋጥማል፣ የምጠይቀው ሙዳዩን ነው።

ከፋሲካ በኋላ ተቃራኒው መጣ። ጎመኑ በዶሮ ሲተካ ቁጥሩ ወጣ፣ ጥርሴን ስፍቅ ድዴ ደማ፤ እንደገና ማስተካከል ሆነ። አሁን ጾም ከመግባቱና ከመውጣቱ በኋላ ባለው ሳምንት እመረመራለሁ። ዋርፋሪን የምትወስዱ ጿሚዎች ይህቺን ለሐኪማችሁ ንገሩት፤ እሱም ላይጠይቃችሁ ይችላል።

አንድ ሌላ ነገር ማንም አላዘጋጀኝም ነበር፤ ልቅሶው። ያለ ምክንያት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ዓይኔ ይሞላል። ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ በብዙዎች ላይ የሚታይ እንደሆነ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። እማዬ አልጠየቀችኝም፣ አልመከረችኝም። ያን ሰዓት ስታይ የሚፈተል ጥጥ ታቀብለኛለች።

ግንቦት ላይ ልጄን ትኩሳት ያዛት። ምራቅ መዋጥ አቃታት፣ አንገቷ ሥር አበጠ፤ ሳልም ንፍጥም የላትም። አንዲት ዘመዳችን «እንጥሏ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥ» አለች። ከ20 ዓመት በፊት ለእኔ እንደተባለው ማለት ነው። ጉሮሮ ባመመ ቁጥር ስትሬፕቶኮከስ ነው ማለት አይደለም፤ አብዛኛው ከጉንፋን ጋር የሚመጣና የሚሄድ ነው። ይኼኛው ግን መታየት ነበረበት፤ እኔ ደግሞ ልጄን አዝዬ መሄድ አልችልም። እማዬ አንቀልባውን አነሣች። «እንጥሏን የሚነካት የለም። በዚህ ቤት አንድ ሰዓት ይበቃኛል» ብላ አዝላት ወደ ጤና ጣቢያ ወጣች። ፔኒሲሊን ታዘዘላት፤ በሦስተኛው ቀን ትሮጥ ነበር።

ሰኔ ላይ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ጥቅምት 19 የይምርሐነ ክርስቶስ በዓል ስለሆነ ግን ለመሳለም ወደ እማዬ ሄድኩ። ያን የጽድ ደን ሽቅብ ሐኪሜ «ቀስ እያልሽ» ብሎ ፈቅዶልኛል። አዲስ አበባም ቢሆን ከፍታው ከላስታ ብዙ አይለይም፤ የሚለየው ዳገቱ ነው። ልጄ እንደ እኔ ልጅነት ቀድማን ሮጠች። እማዬ ገና በመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ድንጋይ ላይ ዘፍ አለች።

«እፍፍ፣ ደከመኝ። እስቲ ትንሽ እንቀመጥ።»

በሁለተኛውም ደከማት። በሦስተኛውም። ጠዋት አንድ ሸክም እንጨት ከጫካ ተሸክማ የገባች ሴት ናት። እኔም ምንም አላልኩም፤ አጠገቧ እየተቀመጥኩ ትንፋሼን ሰበሰብኩ።

ተሳልመን ቁልቁል ስንመለስ ጀምበር ልትጠልቅ ነበር። መኪናውን ስንጠብቅ እማዬ የመቀነቷን ጫፍ ፈታች። አንድ ባቄላና አንድ ክክ አውጥታ መዳፌ ላይ አኖረች።

«ዛሬ ረቡዕ ነው» አለችኝ።